ስለ ዳጋ እስጢፋኖስና በዚያ ስላረፉት ነገሥታት

በጣና ባሕር መካከል፥ በደቅ ደሴት አጠገብ፥ እንደ ጉልላት ሾጥጣ የቆመች ደሴት አለች፤ እርስዋም ዳጋ ናት። ከባሕር ዳር ወደ እርስዋ የሚሻገር ሰው ቀድሞ በደንገል ታንኳ፥ ዛሬ በሞተር ጀልባ ይሄዳል። ከወደቡ ጀምሮ መንገዱ በዱር ውስጥ ሽቅብ ነው፤ መነኮሳቱ በዳገቱ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተራራው ራስ ላይ ነው። ሴት አትገባበትም፤ ባለትዳሩና አራሹ በጎረቤቲቱ በደቅ ይቀመጣል።

በፈረንሳይ አገርም በባሕር ዳርቻ እንዲህ ያለ፥ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተጠራ ደብር አለ፤ ሞን ሳን ሚሼል ይሉታል። ገዳሙ ከዓለቱ ራስ፥ መንደሩ ከእግሩ ሥር ነው። ነገር ግን የፈረንሳይ ሕዝብ በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ መነኮሳቱ ከዚያ ወጡ፤ ገዳሙም እስከ 1863 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወህኒ ቤት ሆነ። በዳጋ ግን ጸሎተኛው ቤቱን ለወታደር አልለቀቀም።

የገዳሙ መሥራች አቡነ ኂሩተ አምላክ የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ነበሩ። የሐይቅ ገዳም ታቦት ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነውና፥ የዳጋም ስም ከዚያ የመጣ ይመስላል። (ይህን እስጢፋኖስ ከደቂቀ እስጢፋኖስ አባት ጋራ የሚያደባልቅ አይጠፋም፤ ያ ሌላ ሰው ነው።)

በዚህ ቤት ያረፉ ተብለው የሚጠሩት ነገሥታት ዐፄ ይኵኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲል ናቸው። ስማቸውን ቈጥሮ ማለፍ ቀላል ነው፤ ማን ከማን ጋራ እንደ ተኛ ማስተዋል ግን ያስደንቃል። ዘርዐ ያዕቆብ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን መነኮሳት በብርቱ የቀጣ ንጉሥ ነው፤ በ1460 ዓ.ም. ሞተ፤ አፅሙም የመነኮሳት አደራ ሆነ። ዘድንግል ደግሞ ከኢየሱሳዊው ከአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ጋራ ተወዳጅቶ ወደ ሮም እምነት ስላዘነበለ፥ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈቱት፤ እርሱም በ1597 ዓ.ም. በደምቢያ ከዘሥላሴ ጋራ ሲዋጋ ወደቀ። ፋሲል ግን በ1624 ዓ.ም. ነግሦ የእስክንድርያን ሃይማኖት መለሰ፤ ኢየሱሳውያንንም ከአገር አስወጣ። እንግዲህ በሮም ወዳጅነት የተከሰሰውና ሮማውያንን ያሳደደው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጉባኤ አይቀመጡም ነበር!

መነኮሳቱ ይህን አላወቁም ማለት አይቻልም፤ ታሪኩ በአገራቸው የተደረገ ነውና። ዐውቀው ግን አፅም ከአፅም አልለዩም። በፓሪስ አቅራቢያ በሳን ዴኒ የተቀበሩት የፈረንሳይ ነገሥታት በ1793 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአብዮቱ ሸንጎ ትእዛዝ ከመቃብራቸው ወጥተው፥ ደጉም ክፉውም ሳይለይ በጕድጓድ ተጣሉ። ያም ቢሆን አለመለየት ነበር፤ ዳጋ ግን ሁሉን በሣጥን አስቀመጠች።

ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረገ፤ በ1660 ዓ.ም. ሲሞት ግን አስከሬኑ ወደ ባሕሩ ተሻገረ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትዋን ሲያቃጥል፥ የከተማይቱ መሥራች አፅም በውኃ ተከቦ በዳጋ ነበር።