ክራርን ለኮምፒውተር መቃኘት፦ ከአራዳ ሸክላ እስከ ሥዕላዊ ሶፍትዌር

በሥዕላዊ የሙዚቃ ሶፍትዌር ፕሮግራም የሚሠራው በመሣል ነው። ሙዚቀኛው በስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖችን ይደረድራል፤ አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሌላው ያዘገያል። ሳጥኖቹ በመስመር ሲያያዙ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል። ተያይዞ ያለቀው ሥራ «ፓች» ይባላል። ድምፁ እየተሰማ ሳለ መስመር መንቀልና ሳጥን መጨመር ይቻላል፤ ለውጡም ወዲያው ጆሮ ይደርሳል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ቅኝትን ለሙዚቀኛው ፈቃድ መተዉ ነው። የዚህ ጥቅም ክብደት የሚታየው ቀደም ያሉት መሣሪያዎች ወደ አዲስ አበባ በገቡበት ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ከቆመበት ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤትና እስከ ጊዮርጊስ የተዘረጋው የአራዳና የፒያሳ ሠፈር ለከተማይቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ዋና መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው በአዲስ አበባ ተጫወቱ። በ1935 ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ በፒያሳ መድረኩም ማሲንቆና ክራር ከአኮርዲዮንና ከነሐስ መሣሪያ ጋር ተገናኙ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር፣ በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ በውጭ አገር የታተሙ ሸክላዎችን ማውጣት ሲጀምር ድፍረት የሚጠይቅ እርምጃ ነበር። ኩባንያው እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አውጥቷል።

ከአዲሶቹ መሣሪያዎች ጋር አንድ ችግር አብሮ ገባ። ፒያኖና አኮርዲዮን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል የሚከፍሉ ሲሆን፣ ክፍፍሉም ከፋብሪካ የተወሰነ ነው። ክራርና በገና ግን በየጊዜው ይቃኛሉ። ደርዳሪው ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው የዘፋኙን ድምፅ ተከትሎ፣ በጆሮው እየመዘነ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የሚቆሙ ቅኝቶች ሲሆኑ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከፒያኖው ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በተለይ አንቺሆዬ በፒያኖ ሲነካ የሚያጣው ጣዕም ለለመደ ጆሮ ግልጽ ነው።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃውን ሲያዳክም፣ ትልልቅ ባንዶች እየተመናመኑ ሄደው ሲንተሳይዘር የብዙ ሙዚቀኞችን ቦታ ያዘ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር አጣምሮ አንድ አልበም ሠራ። መሣሪያው ረቀቀ፤ የተለመደው ኪቦርድ ግን በዚያው በ12 እኩል ክፍል ቀጠለ።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ኢትዮጵያን የሚነካበት ሌላም መንገድ አለ። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ ድምፁን በስቱዲዮ አሻሽሎ አቀረበ። ዛር ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ እንደተስፋፋ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፌር በተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃ በመሥራት የታወቀበትን ሥራ ያሰማው ከኤል ዳብ ሥራ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። ኤል ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 በተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥም ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ እንዲሰለፉ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሥዕላዊው ሶፍትዌር የተወለደው ፓሪስ ነው። ሚለር ፓኬት ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረውን ሥራ በ1988 በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ በሳጥንና በመስመር እንዲታይ አደረገው። ስሙንም «ማክስ» አለው፤ በ1957 በቤል ላቦራቶሪ በኮምፒውተር ሙዚቃ ላሰማው ለማክስ ማቲውስ መታሰቢያ ነው። ዴቪድ ዚካሬሊ ሶፍትዌሩን አሳድጎ በ1990 ለገበያ አበቃው፤ በ1997 ደግሞ ሳይክሊንግ 74 የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ፓኬት ራሱ በ1996 «ፒዩር ዳታ» የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አወጣ። በ2009 ማክስ ኤብልተን ላይቭ በተባለው የቅንብር ሶፍትዌር ውስጥ መሥራት ጀመረ፤ በ2017 የላይቭ አምራች ኤብልተን ሳይክሊንግ 74ን ገዛው።

አንድ የክራር ክር በፓች እንዴት እንደሚሠራ ማየት የመሣሪያውን ጠባይ ይገልጻል። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ በ1983 ባሳተሙት ዘዴ ሹክሹክታ የመሰለ አጭር ድምፅ ወደ ማዘግያ ሳጥን ይገባል፤ ከዚያ በማጣሪያ አልፎ ወደ መነሻው ይመለሳል። በዞረ ቁጥር እየለሰለሰና እየደከመ ስለሚሄድ የተነካ ክር ይመስላል። በሰከንድ 200 ጊዜ ለሚርገበገብ ክር መዘግየቱ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። የመዘግየቱ ቁጥር ሲያንስ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲጨምር ይወፍራል። በፒዩር ዳታ ውስጥ «ሲግመንድ» የተባለ ሳጥን በማይክሮፎን የገባን ድምፅ ቅጥነት ይለካል። ስለዚህ የአንድ ደርዳሪ ቅኝት ተለክቶ እንዳለ ወደ ፓቹ ሊገባ ይችላል።

የቅርብ ዓመታት አዳዲስ ገጽታዎች ይህን ሥራ ይበልጥ አቅልለውታል። በ2018 የወጣው ማክስ 8 በአንድ መስመር ብዙ ድምፆችን ማሳለፍ አስችሏል፤ የበገናን 10 ክሮች አንድ በአንድ መሣል ቀርቶ በአንድ ሳጥን ማሰናዳት ይቻላል። በ2022 የመጣው «ሬይንቦ» ያለቀውን ፓች ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ራስበሪ ፓይ ወደተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ያሸጋግራል፤ ይህም ፓቹን በሙዚቃ መሣሪያው አካል ውስጥ ለመግጠም መንገድ ይከፍታል። በ2024 የወጣው ማክስ 9 ዘመናዊ የጃቫስክሪፕት ሞተርና ከኤብልተን የተወሰዱ የድምፅ ማቀነባበሪያ ሳጥኖችን ጨምሯል። በዚያው ዓመት ኤብልተን ላይቭ 12 ከ12 እኩል ክፍል የተለየ ቅኝትን በፋይል ተቀብሎ በራሱ መሣሪያዎች ማሰማት ጀመረ። ማክስና ላይቭ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ፒዩር ዳታና «ፕለግዳታ» የተባለው አዲሱ ቅርጹ ግን ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ለአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ክራርን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ በኢትዮጵያውያን ዘንድም ቆይቷል። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም፣ ቀጥሎም በኤም.አይ.ቲ. ክራርን በማዘመን ላይ ሠርቷል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪው ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ» ብሎ ያወጣው ሥራ የአገር ቤት ድምፆችን ከኮምፒውተር ቅንብር ጋር ሲያዋህድ የአራዳን ሠፈር ስም ተሸክሞ ወጥቷል። ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ሥራ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የባለሙያዎቹ ነው፦ የአዝማሪዎችንና የበገና ደርዳሪዎችን ቅኝት በየአካባቢው በጥንቃቄ መቅረጽ፣ መለካትና ለተማሪዎች ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ቅኝት ያሰማል፤ ትክክለኛውን ቅኝት የሚያውቁት ግን ደርዳሪዎቹ ናቸው።