ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የሳንቲምንስ?

ለሰው ስም የሚያወጣለት መልአክ ነው ይባላል። ለአሮጌ ሳንቲም ስም የሚያወጣለት ግን መብራት ሥር ተቀምጦ በአጉሊ መነጽር የሚመረምረው ባለሙያ ነው። ታዲያ ይህ ስም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! በአንድ ቀን ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሁለት ሳንቲሞችን ዋጋ ሰማይና ምድር ያደርገዋል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። ስሙ ሳንቲሙን ራሱን ሲለውጠውስ?

መጀመሪያ ‹‹ፕሩፍ›› ምን እንደሆነ እንግባባ። ለገበያ የሚውል ሳንቲም በጥድፊያ አንዴ ይመታና ከረጢት ውስጥ ይወድቃል። ፕሩፍ ሲሆን ግን ማተሚያው ብረትም፣ የሚታተምበት ክብ ብረትም አስቀድመው እንደ መስታወት ይወለወላሉ፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከአንዴ በላይ ይመታል። ለናሙና፣ ለስጦታና ለሰብሳቢ የሚሠራ ነው። እንግዲህ ፕሩፍ የአሠራር ስም እንጂ የደረጃ ስም አይደለም። ኪስ ለኪስ ሲንከራተት የተላጠ ፕሩፍ እንኳ ፕሩፍ መባሉ አይቀርም፤ ቁጥሩ ነው የሚወርደው።

ቁጥሩስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ስለ ጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። 70 ያገኘ ሳንቲም 1 ካገኘው ሰባ እጥፍ ያወጣል የሚል የዋጋ ስሌት ነበር። ስሌቱ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፤ ቁጥሮቹ ቀሩ። የሚያስቀው ነገር፣ ይኸው ሰው ከአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ ስብስብ ውስጥ የተሻሉትን ሳንቲሞች ወስዶ በምትካቸው ያነሱትን ሲያስቀምጥ እንደነበር በኋላ ተደርሶበታል። ደረጃ ያወጣው ሰው በደረጃ ተፈተነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በ1987 ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉ ኩባንያዎች ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ሻጭ ‹‹እንከን የለሽ ነው›› ሲል ገዢ ‹‹ተራ ነው›› እያለ ይከራከሩ ነበር። አሁን ግን ሦስተኛ ወገን አይቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሳንቲሙን በግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ያሽገዋል። ከቁጥሩ ጎን ቅጽልም ተጨመረ። የፕሩፉ ሜዳ እንደ መስታወት ጠቁሮ፣ የሰው ምስሉ ደግሞ አመዳይ የወረደበት መስሎ ከነጣ ‹‹ካሜኦ›› ይባላል። ልዩነቱ በጣም ከጎላ በአንደኛው ኩባንያ ‹‹ዲፕ ካሜኦ››፣ በሌላኛው ‹‹አልትራ ካሜኦ›› ነው። መዳብ ሲሆን ‹‹ቀይ››፣ ‹‹ቀይ ቡኒ›› እና ‹‹ቡኒ›› እየተባለ በቀለሙ ይለያል።

እነዚህ ቅጽሎች ባዶ ጌጥ አይደሉም፤ ታሪክ ይናገራሉ። አመዳዩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያው አዲስ ሳለ ነበር የሚታየው፤ ጥቂት ሳንቲሞች ከተመቱ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ካሜኦ የተባለው ሳንቲም ቀድሞ ከወጡት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ደግሞ የፊላደልፊያው ማተሚያ ቤት ምስሉንም ጭምር ስለወለወለው የእነዚያ ዓመታት ፕሩፎች አብዛኞቹ አመዳይ የላቸውም። ባለቤቱ ምንም ቢያደርግ አያመጣውም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሃድ ይወይባል፣ ይጠቁራል። ያ የዘመን ወዝ አመዳዩን ይሸፍነዋል። አመዳዩ ካልታየ ካሜኦ የለም፤ ካሜኦ ከሌለ ገንዘቡ የለም። ባለቤቱ ምን ያደርጋል? አሲድ ባለበት ማጠቢያ ነክሮ ያወጣዋል። ጥቁረቱ ይለቃል፤ ከጥቁረቱ ጋር ግን ስስ የብር ቆዳም አብሮ ይሄዳል። ሁለቴ ሦስቴ የተነከረ ሳንቲም ነጭ ሆኖ ነፍስ የሌለው ይሆናል። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው።

እርግጥ ማጠብን መለያው አልፈጠረውም። ጆን ሳንፎርድ ሳልተስ የተባለው ታዋቂ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ሆቴል ውስጥ ሳንቲም ሊያጸዳበት የገዛውን ሳያናይድ በስህተት ጠጥቶ ሞቷል። የአሜሪካ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1838 በጀመረው የራሱ ስብስብ ውስጥ የነበሩ ፕሩፎች ሳይቀሩ እንዲያብረቀርቁ ተብለው ተፈትገዋል። እንዲያውም መለያው ጨርቁን አስጥሏል። የፍትጊያ ጭረት በመብራት ሥር ስለሚታይ የተፈተገ ሳንቲም ቁጥር ይከለከላል። ሣጥኑም ከጣት አሻራ ይጠብቀዋል። ሰው ግን ጨርቁን ጥሎ የማይታየውን መንገድ፣ አሲዱን፣ ያዘ።

ሌላም መዘዝ አለ። አንዳንዱ አንድ ቁጥር ይጨመርልኝ ብሎ ሣጥኑን ሰብሮ ሳንቲሙን ደግሞ ይልካል። አሮጌው መለያ ካልተመለሰ አንዱ ሳንቲም በመዝገብ ላይ ሁለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1895 የተመታው የሞርጋን ዶላር ፕሩፍ 880 ብቻ ነበር። ስንቱ ዛሬ እንደተረፈ የሚቆጥር ታሪክ ጸሐፊ ሳንቲሞችን ሳይሆን ማመልከቻዎችን ሊቆጥር ይችላል።

‹‹ለእኛ ምናችን ነው?›› ትሉ ይሆናል። ቅድመ አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማሪያ ትሬዛን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ሉል አተኩረው ይመረምሩ ነበር፤ ምልክቱ ያላማራቸውን ይመልሳሉ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ አጼ ቴዎድሮስን፣ አጼ ዮሐንስንና አጼ ምኒልክን ጨምሮ የነገሥታት ምስል ያለባቸው የብር ፕሩፎች ተቀርጸዋል። ከእነዚህ አንዱ በአባታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ጠቁሮ ካገኛችሁት ሎሚና አመድ ይዛችሁ አትሩጡ። ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም አትክተቱት፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታል። ጥቁረቱ ከ1964 ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው፤ የሚያስወግደው ሰው ካስፈለገም ሥራውን የሚያውቅ ይሁን።