በረባሶ፣ ባሌስትራና ድሪቶ፦ በሊማሊሞ መንገድ ላይ የተማርነው ሳይንስ

አሮጌ ነገርን ወደ አዲስ ዕቃ መለወጥ ዛሬ በየቪዲዮው የሚታይ ፋሽን ሆኗል። የጂንስ ቁራጭ ቦርሳ ይሆናል፣ ጠርሙስ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። ምናልባት እናንተም ሞክራችሁታል። ነገሩ ግን እኛ ጋ አዲስ አይደለም። የራሱ ቃላት፣ የራሱ ባለሙያዎች፣ የራሱ ሳይንስም አለው። ይህን ለማየት ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ገደል፣ በዛሪማ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ እንከተል።

ከመኪናው በፊት

መኪና ከመምጣቱ በፊትም ሰው አሮጌውን ያድስ ነበር። የነጠላውን ጥለት አስቡት። ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ክር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የጎንደርና የትግራይ ሸማኔዎች ከውጭ የመጣ ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝተው ክሩን ይተረትሩት ነበር። ያንን ክር ነው መልሰው ጥለት ያደረጉት። አንጥረኞችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 23 ግራም የሚጠጋው ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ አንጥረኛው ገንዘቡን አቅልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሠራበት። ብዙ የድሮ መስቀል ቀድሞ ገንዘብ ነበር ማለት ነው።

መንገዱ ምን ይዞ መጣ?

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ጎንደርን በደባርቅና በአዲ አርቃይ በኩል ከሰሜን ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ሠራ። መንገዱ ለጦር ነበር፤ ግን ከጦሩ ጋር ከባድ መኪናዎች መጡ። ቋንቋችን እስከ ዛሬ ይመሰክራል፦ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪያ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ካላማዳሪያ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» እንደማለት ነው።

አሁን ትንሽ እናስላ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሊማሊሞ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 98 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሙቀት ቢሆን 290 ሊትር ገደማ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ይህን ጉልበት ማን ይቀበለዋል? ሞተሩ፣ ፍሬኑና ጎማው ናቸዋ! ስለዚህ እንዲህ ያለ መንገድ ጎማ ይበላል። የተበላ ጎማ ደግሞ መንገድ ዳር ይቀራል።

ጎማ ለምን ጫማ ሆነ?

ፕላስቲክ ባልዲ ሲሰበር ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ጎማ ግን አይቀልጥም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ላስቲክን ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጠንካራና ተለጣጭ ሆኖ አገኘው። ድኙ ረጃጅሞቹን የላስቲክ ሞለኪውሎች እንደ ድልድይ እርስ በርስ ያስራቸዋል። አንዴ ከታሰሩ በሙቀት ብቻ ወደነበሩበት አይመለሱም። ጎማን ብታሞቁት ይቃጠላል፣ መርዛማ ጭስም ያወጣል እንጂ ፈሳሽ ሆኖ በሌላ ቅርጽ አይፈስም።

ስለዚህ ቀላሉ መፍትሔ ቁሱን እንዳለ መቁረጥ ነው። የእኛ ጫማ ሠሪም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከወፍራሙ የጎማ ክፍል ሶሉን፣ ከስሱ ወይም ከካላማዳሪያው ማሰሪያውን ቆርጦ፣ ጎኑን በስቶ አስገባና በትናንሽ ምስማር መታው። በቃ፣ በረባሶ! የድሮ የከባድ መኪና ጎማ በውስጡ የተደራረበ የጨርቅ ክር ስለነበረው ጥሩ ቢላ ይቆርጠው ነበር፤ ክሩም ምስማሩን አጥብቆ ይይዘዋል።

ይህን ያሰብነው እኛ ብቻ አይደለንም። በቬትናም፣ በኬንያና በሜክሲኮም የጎማ ጫማ አለ። መኪና በገባበትና ጫማ ውድ በሆነበት በተለያየ አገር ሰው ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል።

ጫማ ማድረግ የጌጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደጋማው አገራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ በሚባል የዝሆኔ በሽታ ሊያዝ ይችላል። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ይገመታል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። በረባሶ ክፍት ስለሆነ አፈሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ የተሸፈነ ጫማ ይሻላል። ቢሆንም ሌላ ጫማ መግዛት ለማይችል ገበሬ ከእሾህና ከድንጋይ ያዳነው እሱ ነው።

ባሌስትራና ቀጥቃጩ

ከመኪናው አካል ለቀጥቃጭ ትልቁ ሀብት ባሌስትራው ነው። የባሌስትራ ብረት ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርበን አለው። ይህ መጠን ትንሽ ቢመስልም ሥራው ብዙ ነው። ብረቱን በከሰል እሳትና በወናፍ አግለው፣ ቀጥቅጠው ቅርጽ ካስያዙት በኋላ እንደገና አግለው በውሃ ወይም በዘይት ሲነክሩት ካርበኑ በብረቱ ውስጥ ተቆልፎ ይቀርና በጣም ይጠነክራል። እንዳይሰበር ደግሞ መለስ አድርገው ያሞቁታል። መጥረቢያ፣ ቢላ፣ ማረሻ ከዚህ ይወጣል። ቀጥቃጩ የካርበኑን መቶኛ አይለካም፤ የብረቱን ቀለምና ድምፅ ያነባል እንጂ።

እዚህ ላይ ግን ደስ የማይል ታሪክ አለ። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች አካባቢ ብዙዎቹ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው በሠሩለት ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ የምታገኟት ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። እውቀቱም በብዛት አብሯቸው ሄደ። የናቅነውን ሰው ስናጣ ሙያውንም አጣን ማለት ነው።

ድሪቶና ማዳበሪያ

ቤት ውስጥ ደግሞ ድሪቶ አለ፤ ቡትቶው ተደራርቦና ተጣጥፎ የሚሰፋበት። የሙቀት ትምህርታችሁን አስታውሱ፦ በጨርቆቹ መካከል የተያዘው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ለደባርቅ ብርድ ደህና ምንጣፍና ልብስ ይሆናል። እኛ ግን ቃሉን ስድብ አደረግነው። የቆርቆሮ ጣሳ ክር ተጨምሮበት ኩራዝ ሆነ። ጋዜጣ ግድግዳ አለበሰ። ማዳበሪያ ደግሞ ከሁሉ ይገርማል፦ የመሬት ማዳበሪያ የሚመጣበት ጆንያ ሌላ ሥራ ሲበዛለት ጆንያው ራሱ ስሙን ወረሰ። ዛሬ «ማዳበሪያ አምጣ» ስንባል ባዶ ከረጢት ይዘን እንመጣለን።

አዲስ አበባም የራሷ ሥርዓት አላት። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ይሰበስባል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀይሮ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ሶል ሬብልስን አቋቁማ፣ በእጅ የተሠራ ጨርቅን ከአሮጌ ጎማ ሶል ጋር አዋህዳ ወደ ውጭ አገር መላክ ጀመረች። በአንዱ ሰው እግር ላይ የድህነት ምልክት የነበረው ሐሳብ በሌላው አገር ሱቅ ውስጥ በውድ ተሸጠ።

አሁን ምን ተለወጠ?

ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1946 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ጎማ በብረት ሽቦ የተጠናከረ ነው። ዕድሜው ይረዝማል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ግን ቢላ አይበግረውም፤ ቢቆረጥም ሽቦው ወጥቶ እግር ይወጋል። ለሾፌሩ የተሻለው ጎማ ለጫማ ሠሪው የባሰ ሆነ። ርካሽ የፕላስቲክ ጫማም ገበያውን ወሰደበት።

እኔ ምህንድስና ስማር ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ሲያረጅ እንዴት እንደሚፈታ ግን እምብዛም አልተነገረኝም። ከእናንተ መካከል ነገ ጎማ፣ ስልክ ወይም ጫማ የሚነድፍ ይኖራል። ያኔ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ዕቃ አዲ አርቃይ ደርሶ ሲያረጅ በምን መሣሪያ ይፈታል? መልሱን ለማግኘት ቤተ ሙከራ ብቻ አይበቃችሁም፤ ገበያ ሄዳችሁ ቀጥቃጩንና ጫማ ሠሪውን ጠይቁ።