የአኮ አመድ

አያቴን አኮ ነበር የምንላት። ክረምት ሲገባ የመቱ ቀይ አፈር ጫማ መብላት ይጀምራል። አኮም ከምድጃዋ አመድ እያፈሰች ደጃፏ ላይ ትበትንና በእግሯ ትረግጠዋለች። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ያለው የቡና መቀሸሪያ ሠራተኞች ደግሞ አይሱዙ በተቀረቀረ ቁጥር ገለባውን እንዳለ ጭቃው ላይ ይደፉታል። እኛ ልጆቹ የምንስቀው በአኮ ነበር። በአንድ ቁና አመድ ክረምት ይመከታል እንዴ?

የአገራችን መከራ ከጥንትም መንገድ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ፤ ጣቢያውም ኋላ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወርዶ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጀልባ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ የበቅሎው መንገድ ጭቃ ነው። ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ ጋምቤላ ላይ ክረምትን ይጠብቃል።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ኤድጋር ሁሊ የሚባል መሐንዲስ በአንድ የብረት ማቅለጫ አጠገብ ሲያልፍ አንድ ነገር አየ ይባላል። መንገድ ላይ ቅጥራን ፈስሷል፤ ሰዎች ለመሸፈን ብለው ብረት ሲቀልጥ የሚቀረውን ቆሻሻ ደፍተውበታል፤ ቦታው ጠንክሯል፣ አቧራም የለውም። ሁሊ በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ታርማክ የተወለደው እንዲህ፣ ከሁለት ቆሻሻ ነው።

የኛ ፋብሪካ ቆሻሻ የቡና ገለባ ነው። ጀንፈል ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ገለባው እንዳለ መንገድ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ሥሩ ክፍት ይሆናል፤ መንገዱም ይሰምጣል። ሲቃጠል ግን የሚበሰብሰው ነገር ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም የበዛበት ነው። ካልሲየሙ እንደ ኖራ የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ያያይዛል። የአገራችን ተመራማሪዎች የቡና ገለባ አመድን ከመረሬ አፈር ጋር ቀላቅለው ሲፈትሹ እብጠቱ ቀንሶ የመሸከም አቅሙ ጨምሯል። ለካ አኮ ልክ ነበረች!

ግን አንቸኩል። የኛ አፈር ቀይ እንጂ መረሬ አይደለም። ዝናባችንም ብዙ ነው፤ ፖታሲየም ደግሞ በውሃ ይታጠባል። ገለባው ለጓሮ ማዳበሪያ የሚሆነው ገበሬም አለ፤ መንገድ ሠሪ ከእሱ መቀማት የለበትም። ሜዳ ላይ ተቆልሎ የሚጨሰው፣ ወንዝ የሚገባው ግን ለማንም አልሆነም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በመቱ አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ 100 ሜትር አመድ የተቀላቀለበት፣ አጠገቡ 100 ሜትር ያልተቀላቀለበት ይሠራ። ሁለቱም እኩል ይጠቅጠቁ። ከዚያ ሁለት ክረምት ይለፍባቸው፤ እናያለን።