የእንጨት የመንገድ ዳር መከላከያ እና የመንግሥት ክፍያ ብቁነት

የእንጨት የመንገድ ዳር መከላከያ ከመንገድ የሚወጣን ተሽከርካሪ ለማቆም ወይም ወደ መንገዱ አቅጣጫ ለመመለስ የሚተከል፣ አግዳሚው፣ ቋሚው ወይም ሁለቱም ከእንጨት የሆነ የደህንነት መዋቅር ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው የብረቱ ዓይነት ሲሆን፣ በመንገድ ሥራ ባለሙያዎች ዘንድ ጋርድሬል ይባላል። የክፍያ ብቁነት የሚባለው ደግሞ የመንግሥት የመንገድ ገንዘብ ለአንድ ዓይነት መከላከያ መግዣና መትከያ ሊውል እንደሚችል የሚገልጽ ውሳኔ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የግጭት ሙከራ ነው። በዚህ ሙከራ እውነተኛ ተሽከርካሪ በታወቀ ፍጥነትና ማዕዘን ከመከላከያው ጋር እንዲጋጭ ይደረጋል።

አሠራር

መከላከያ ሲታይ ግድግዳ ይምሰል እንጂ ሥራው የመቀነት ነው። መኪና ሲገጨው አግዳሚው ይለጠጣል፣ ቋሚዎቹ ይዘምማሉ ወይም ይሰበራሉ፣ የመኪናው ጉልበትም በዚህ ሂደት ቀስ በቀስ ይበላል። እንጨት ብቻውን ለዚህ ሥራ አይመችም፤ በድንገት ተሰንጥቆ ስለታም ስብርባሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮችና ውብ ገጽታ ባላቸው ጎዳናዎች ላይ የሚተከለው ዓይነት ከእንጨቱ ጀርባ የብረት ሰሌዳ ይታሰርበታል። ውጥረቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ከፊት የሚታየው እንጨት ግን መንገዱ ከአካባቢው ደን ጋር እንዲስማማ ያደርጋል። በኮነቲከት ግዛት የሚገኘው የሜሪት ፓርክዌይ መከላከያም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ነገሩ ይገለበጣል፤ አግዳሚው ብረት ሆኖ ቋሚው ብዙ ጊዜ በኬሚካል የታከመ እንጨት ነው።

የግጭት ሙከራ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሪፖርት 350» የተባለ መመሪያ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመውና በ2016 የተሻሻለው «ማሽ» የተባለ መመሪያ ሙከራውን በደረጃ ይከፍሉታል። ለፈጣን መንገድ የተለመደው ሦስተኛው ደረጃ ነው። በማሽ መሠረት 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ መኪና እና 2,270 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየከነፉ በ25 ዲግሪ ማዕዘን ይጋጫሉ። መከላከያው መኪናውን ማስቀረት አለበት፤ መኪናው መገልበጥ የለበትም፤ ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ክፍል መግባት የለበትም። አውሮፓ «ኢኤን 1317» በተባለ የራሷ መለኪያ ትመራለች። በዚያ ኤን2 የሚባለው ደረጃ 1,500 ኪሎ ግራም መኪናን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትርና በ20 ዲግሪ ይፈትናል።

ፈተናውን የሚያልፈው እንጨቱ ሳይሆን ስብስቡ ነው። የቋሚዎቹ ርቀት፣ የብሎኑ ውፍረት፣ የአግዳሚው ከፍታ፣ የአፈሩ ጥንካሬ ሁሉ የውጤቱ አካል ናቸው። በአንድ ዓይነት እንጨትና ብረት የተሠራ መከላከያ እንኳ በአግዳሚውና በቋሚው መካከል የሚገባው ማራቂያ እንጨት በመኖሩና ባለመኖሩ ብቻ የተለያየ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል።

የብቁነት ደብዳቤ

የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር የሙከራ ውጤት ሲቀርብለት መርምሮ፣ መሣሪያው በፌዴራል ገንዘብ ሊተካ ለሚችል ወጪ ብቁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል። ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ደብዳቤ የሚጽፈው በተሻሻለው ማሽ ለተፈተነ መሣሪያ ብቻ እንደሚሆን አስታውቋል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የጥራት ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይህ ስህተት ነው። የሚናገረው ስለ ገንዘብ ነው። መሣሪያው በእያንዳንዱ መንገድ ዳር በትክክል ስለመተከሉ ወይም በሌላ ፍጥነትና በሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ሲገጭ ስለሚሆነው ነገር ዋስትና አይሰጥም።

ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በብረት መከላከያ ጫፍ ላይ በተነሳ ክርክር ነው። ትሪኒቲ ኢንዱስትሪስ የተባለው አምራች ኢቲ-ፕላስ በሚባለው የመከላከያ ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የአንዱን ክፍል ስፋት ከአምስት ኢንች ወደ አራት ኢንች አጠበበ፤ ለውጡን ግን በወቅቱ ለመሥሪያ ቤቱ አላሳወቀም። በ2012 አንድ ተፎካካሪ አምራች መንግሥት ተታሏል ሲል ክስ መሠረተ። በጥቅምት 2014 የቴክሳስ ዳኞች ጉባኤ የ175 ሚሊዮን ዶላር ጉዳት መድረሱን ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመትም ፍርዱ ቅጣት ተጨምሮበት ወደ 663 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ አለ። በመስከረም 2017 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ለውጡን ካወቀ በኋላም መሣሪያው ለክፍያ ብቁ ነው በሚለው አቋሙ ጸንቷል፤ ገዢው እያወቀ መክፈሉን ከቀጠለ ተታሏል ማለት ያስቸግራል። ጫፉ በመንገድ ላይ ምን ያህል ሰው አድኗል ወይም ጎድቷል የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው።

በኢትዮጵያ

በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በዲዛይን ማኑዋሎቹ ውስጥ የመንገድ ዳር መከላከያን ያካትታል። የገንዘቡ ብቁነት ግን የሚመዘነው በመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን በሥራው ዓይነት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ፣ ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድ እድሳትና ከመጠን በላይ ጭነት ቅጣት የሚያገኘውን ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት ያውላል። ስለዚህ የተገጨ መከላከያን መተካት በፈንዱ ዓላማ ውስጥ ይወድቃል፤ አዲስ መንገድ ሲሠራ የሚተከለው ግን ከካፒታል በጀት ወይም ከውጭ ብድር ይከፈላል።

ብድር የራሱን መስፈርት ይዞ ይመጣል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኢትዮጵያ የትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ዋነኛዋ ተጠቃሚ አዲስ አበባ ነበረች። የባንኩ የግዢ ደንብ አንድን የውጭ መለኪያ የሚጠቅስ ጨረታ ተመጣጣኝ የሆነውንም እንዲቀበል ይጠይቃል። የአንድ አገር የብቁነት ደብዳቤ በሌላ አገር ጨረታ ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በቂርቆስና በካዛንቺስ

ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻረ ቃል የመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫም እዚሁ ነው፤ ኮሚሽኑ በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሁለተኛውን የአፍሪካ የመንገድ ደህንነት ጉባኤ በማዘጋጀት ተሳትፏል፤ የአህጉሩ የድርጊት መርሐ ግብርም በዚያ ጉባኤ ጸድቋል። የአፍሪካ ኅብረት የመንገድ ደህንነት ቻርተርም በጥር 2016 እ.ኤ.አ. በዚችው ከተማ ነው የጸደቀው።

በሰፈሩ ጎዳናዎች ላይ ግን ከላይ የተገለጸው መከላከያ ቦታ አያገኝም። አንደኛው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው፤ ተራ የብረት ጋርድሬል በከፍተኛ ፍጥነት ሲገጭ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል፤ በካዛንቺስ ደግሞ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ሰው ይሄዳል፣ ታክሲ ይጠብቃል። ሁለተኛው የሚከብድ ነው። የግጭት ሙከራው የሚመዝነው በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው የሚደርስበትን ነው፤ በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን እግረኞች ናቸው። ማሽን በሙሉ ነጥብ ያለፈ አግዳሚ ከኋላው ለቆመችው ነጋዴ ምን እንደሚያደርግላት የሙከራው ዘገባ አይናገርም።

በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የተጀመረውና በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስን ያዳረሰው የኮሪደር ልማት በምትኩ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችንና የብስክሌት መስመሮችን ይዞ መጥቷል። እንጨት በሰፈሩ የታየው በግንባታው ወቅት ነው፤ የቁፋሮ ጠርዝ በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ ይታጠራል። ይህ አጥር ጉድጓድ መኖሩን ለእግረኛ ያመለክታል እንጂ ሚኒባስ አያቆምም።