የዓሣ ክትባት ለምን 30 ዓመት ዘገየ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ ታሪክ ማለት የንጉሥ ስምና የጦርነት ዘመን ብቻ ነው ሲሉኝ አልወድም። በሽታም ታሪክ አለው፣ የዓሣ በሽታ እንኳን ሳይቀር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ የሚባል ግዛት አለ፤ በድንች ነው የሚታወቀው። እዚያ ሀገርማን ሸለቆ ውስጥ ከገደሉ ግድግዳ ምንጭ ይፈልቃል፤ ውሃው ክረምት ከበጋ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ለትራውት ዓሣ የተሠራ ነው የሚመስለው። (ትራውትን የባሌን ዌብ ወንዝ ያየ ሰው ያውቀዋል።) አርቢዎቹ ምንጩን በቦይ እየመሩ ዓሣውን አጭቀው ማርባት ያዙ።

በ1950ዎቹ ግን ዓሣው አፉ ዙሪያ ደም እየቋጠረ፣ እየቀላ ይሞት ጀመር። «ቀይ አፍ» አሉት። አምጪው ባክቴሪያ በ1978 የርሲንያ ሩከሪ የሚል ስም ወጣለት፤ ሩከር በሽታውን ካጠኑት ሰዎች አንዱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተማርነው «ጥቁር ሞት»ን ያመጣው ባክቴሪያም የዚሁ ወገን ነው!

ወንዝ ላይ ዓሣው ተበታትኖ ይኖራል። እርባታ ላይ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዓሣ በአንድ ቦይ ይታጨቃል፣ ያው ውሃ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ይወርዳል። ከሞት የተረፈውም ባክቴሪያውን አንጀቱ ውስጥ ይዞ ይከርምና ቆይቶ ሌላውን ያስይዛል። መድኃኒት በመኖ ተቀላቅሎ ይሰጥ ነበር፤ ችግሩ የታመመ ዓሣ አይበላም። መድኃኒቱን የሚውጠው ገና ያልታመመው ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያም መድኃኒቱን ለመደው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፦ ዳፍ የተባለ ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ በሌላ የትራውት በሽታ ላይ፣ የሞተ ባክቴሪያ በመኖ አብልቶ ዓሣ መከላከል እንደሚቻል በ1942 አሳይቶ ነበር። ግን ወዲያው ሰልፋና አንቲባዮቲክ መጡና ርካሽ መፍትሔ ተገኘ ተባለ። የዳፍ ሐሳብ 30 ዓመት ያህል ተረሳ።

የቀይ አፍ ክትባት አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተፈቀደው በ1976 ነው። አሰጣጡ ደግሞ ደስ ይላል፤ መርፌ የለም። ጥቂት ግራም የምትመዝነውን ጫጩት በወንፊት መረብ ሰብስበህ፣ የተገደለ ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ውስጥ ለ30 ሴኮንድ ያህል መንከር ነው። በቃ!

በሽታው በ1980ዎቹ አውሮፓ ገባ፤ ክትባቱም ተከተለው። ቆይቶ ግን እንግሊዝ ውስጥ መንቀሳቀሻ ጅራት የሌለው ዓይነት ብቅ ብሎ የተከተቡትን ዓሦች ያጠቃ ጀመር። ክትባቱም ይሄንኛውን እንዲጨምር ተደርጎ እንደገና ተሠራ።