ከመለኪያው ክበብ ውጭ

ነፋስን በአንድ ስፍራ ለክቶ ስለ ማረፊያው ሰማይ ሁሉ መመስከር የመቆጣጠሪያ ማማዎች የብዙ ዘመን ልማድ ነበረ፤ ይኸውም በሜዳው መካከል በቆመ ምሰሶ ላይ የተተከለው መለኪያ የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል ለተቆጣጣሪው ያመለክተዋል፣ እርሱም በራዲዮ ለአብራሪው ያሰማዋል፣ አብራሪውም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ያርፋል።

ሰኔ 17 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1975 መሆኑ ነው፣ በኒው ዮርክ ኬኔዲ ማረፊያ ላይ ነጎድጓድና ዝናም ሲወርድ፣ በጭንቅ ያረፈ የአንድ ጭነት አውሮፕላን አብራሪ መንደርደሪያው እንዲለወጥ ለማማው አሳሰበ፤ መለኪያው ግን ነፋሱ በመንደርደሪያው ትክክል በ15 ኖት እንደሚነፍስ ያሳይ ስለ ነበረ፣ የዓይን ምስክሩ ቃል ከመሣሪያው ቃል አንሶ ተገመተ። ብዙም ሳይቆይ የኢስተርን አየር መንገድ 66ኛ በረራ ከመንደርደሪያው ሳይደርስ ወደቀ፣ ከ124 ሰዎችም 113ቱ ሞቱ። ተቆጣጣሪውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ መሣሪያው አልዋሸም፣ የመሰከረው ስለ ቆመበት ስፍራ ነበርና።

ምስጢሩን የመረመረው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጃፓናዊ ተወላጅ ሊቅ ቴትሱያ ፉጂታ፣ በወጣትነቱ በናጋሳኪና በሂሮሺማ ቦምቡ ያደረሰውን ጥፋት ተዘዋውሮ ያየ ሰው ነበርና፣ ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል የሚወረወር ነፋስም እንደዚያው ምድርን መትቶ ወደ ዙሪያው እንደሚበተን አስተዋለ። ወርዱ ከ4 ኪሎ ሜትር የማይበልጠውን፣ ዕድሜውም በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀውን ይህን መዓት ማይክሮበርስት ብሎ ሰየመው። ወደ ውስጡ የገባ አውሮፕላን መጀመሪያ ከፊቱ በሚመጣው ነፋስ ከፍ ይላል፤ አብራሪው ይህን በጎ መስሎት የሞተሩን ኃይል ሲቀንስ ወራጁ ነፋስ ይጫነዋል፣ ቀጥሎም ከኋላ የሚነፍሰው ክንፉን የሚያነሣውን ፍጥነት ይሰልበዋል። አያሌ ሊቃውንት ነገሩን ቢጠራጠሩትም፣ በ1970 ዓ.ም. በቺካጎ አካባቢ የተተከሉ ራዳሮች የፉጂታን ቃል አጸኑለት።

የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን አስተዳደር ግን ክርክሩ ሳይፈጸም፣ አንዱን መለኪያ በመካከል፣ አምስቱን በዙሪያ ተክሎ፣ በመካከለኛውና በዳሮቹ መካከል የ15 ኖት ልዩነት ሲታይ ማማውን የሚያስጠነቅቅ ሥርዐት አበጀ፤ በዐሥር ዓመት ያህልም 110 ማረፊያዎች ታጠቁት። መልካም ሥራ ነበረ፣ ነገር ግን ክበቡን አሰፋ እንጂ ከክበቡ ውጭ ያለውን አላሳየም፦ ሐምሌ 26 ቀን 1977 ዓ.ም. በዳላስ የዴልታ 191ኛ በረራ ወድቆ 137 ሰዎች ሲያልቁ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰማው ከአደጋው በኋላ ነበረ።

ዶፕለር ራዳር ለማማው አገልግሎት ሲውል፣ ከዝናሙ ጠብታ እንቅስቃሴ የነፋሱን ጉዞ ከሩቅ ማወቅ ተቻለ፤ ሐምሌ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በዴንቨር ገና በፈተና ላይ ሳለ በሰጠው ማስጠንቀቂያ አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው ወደ ላይ ተመለሱ። ዛሬ ተቆጣጣሪው የሚያሰማው በየትኛው መንደርደሪያ፣ ከጫፉ በስንት ማይል ርቀት፣ ስንት ኖት ፍጥነት እንደሚጠፋ ነው፤ ቀድሞ ያለፈ አብራሪ አጋጠመኝ የሚለውንም ለተከታዩ ሳያስተላልፍ እንዲቀር ሥርዐቱ አይፈቅድለትም።